ሲያልቅ ምን አደረጋችሁ?

ባለፈው፣ ሁዳዴና ረመዳን በተገናኙበት ሰሞን፣ እዚሁ ጅማ ፊልም እያዩ የሚከራከሩ ወጣቶች ንግግር እንዳደርግላቸው ጋበዙኝ። ርዕሱን የመረጡት እነሱ ናቸው፤ «ፊልምና እምነት»። የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ፤ 40 ደቂቃ ተሰጥቶኝ አንድ ሰዓት የማወራ ዓይነት። ፊልሙን ግን እኔ መረጥኩ። ማትሪክስን፤ ሰዎች ተኝተው ማሽኖች በሠሩት የውሸት ዓለም ውስጥ ሲኖሩ ኒዮ የሚባል ወጣት ነቅቶ ሊያድናቸው የሚነሳበትን።

ፊልሙን ያላየ ሰው እዚህ ድረስ የሚያነብ አይመስለኝምና ከዚህ በላይ ታሪኩን አልተርክም። ያን ቀንም አልተረክኩም፤ ቀጥታ ወደ ስሞቹ ገባሁ። ልጅቷ ትሪኒቲ ናት፤ ሥላሴ ማለት ነው። የመጨረሻዋ የሰው ልጆች ከተማ ጽዮን ትባላለች። መርከቧ ናቡከደነፆር ናት። የኒዮ የመዝገብ ስሙ ቶማስ አንደርሰን ነው። ቶማስ ተጠራጣሪው ሐዋርያ ነው፤ አንደርሰን «የእንድርያስ ልጅ» ማለት ነው፤ እንድርያስ ደግሞ ከግሪክኛው «ሰው» ከሚለው ቃል የወጣ ነው። እዚህ ላይ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «የሰው ልጅ» አልኳቸው። ገና ፊልሙ ሲጀምር በሩ ላይ የሚመጣ ደንበኛ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም ጠርቶ ያመሰግነዋል። ከባልደረቦቹ አንዱ ይሸጠዋል። ይሞታል፣ ይነሳል፣ መጨረሻ ላይ ወደ ላይ ይወጣል።

የመጨረሻ ካርታዬ መርከቧ ላይ የተለጠፈችው የብረት ሰሌዳ ነበረች። «ማርክ 3 ቁጥር 11» ትላለች። ማርክ በእንግሊዝኛ የሞዴል መለያ ነው፤ ወንጌላዊው ማርቆስም በእንግሊዝኛ ማርክ ነው። «ማርቆስ ምዕራፍ 3 ቁጥር 11ን ግለጡ» አልኳቸው። ግማሹ በስልኩ ገለጠ። ርኩሳን መናፍስት ባዩት ጊዜ ፊቱ እየወደቁ የእግዚአብሔር ልጅ መሆኑን የሚጮኹበት ቦታ ነው። አዳራሹ «ኧረ!» አለ። አዳራሽ ሙሉ ሰው «ኧረ!» ሲል ፊቱ ቆሞ የማያውቅ ሰው ያ ነገር እንዴት ራስ እንደሚያዞር አይገባውም።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ? ይህን ፊልም መልአክ ነው የሰየመው» ብዬ ጨረስኩ። ጭብጨባው ቶሎ አላበቃም። አንዲት ልጅ ስወጣ ተከትላኝ መጥታ «ጋሼ፣ ከስብከት ይበልጣል» አለችኝ። ከፈረንጅ አራዳ እስከ ቤቴ በባጃጅ ስሄድ መንገዱ ላይ ያሉት ጉድጓዶች እንኳ አልተሰሙኝም።

የምስር ሳምቡሳ

ያደግኩበትን ግቢ አጥር የሚጋሩ አንድ ሐጂ አሉ። በማግስቱ ለኢፍጣር ጠሩኝ። በእሳቸው ቤት ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ እናቴ ለፋሲካ ትጠራቸዋለች፣ እሳቸው በረመዳን ይጠሩናል። ጾሞቹ ሲገናኙ ለእኔ የምስር ሳምቡሳ ለብቻው ያስጠብሳሉ፤ ሁዳዴ መሆኑን አንዳንዴ ከእኔ ይልቅ የሚያስታውሱት እሳቸው ናቸው። ቴምሩ ተበላ፣ ተሰገደ፣ ሾርባው ተጠጣ፣ ከዚያ ቡና መጣ። ሐጂ ሶፋ ላይ አይቀመጡም። ያቺ እንጨቷ ከእሳቸው እኩል የጠቆረች የጅማ በርጩማ አለቻቸው።

«ትናንት የት ጠፍተህ ዋልክ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ሐጂ ፊልሙን አያውቁትም፤ ስለዚህ ከስሞቹ ጀምሬ እስከ ብረቷ ሰሌዳ ድረስ እንደገና አቀረብኩት። ሐቁን ልናገርና፣ ከአዳራሹ ይልቅ አሳምሬ ነው ያቀረብኩት፤ ልምምድ ነበረኛ። አንድ ጊዜ «ማሻአላህ» አሉ። ጨረስኩ። ስኒያቸውን አስቀምጠው ትንሽ አሰቡና ጠየቁኝ።

«ሲያልቅ ምን አደረጋችሁ?»

«እንዴት ሐጂ?»

«ስለ ፈጣሪ ስታወሩ አመሻችሁ። መልካም። ሲያልቅስ ምን አደረጋችሁ?»

«አጨበጨብን» አልኩ።

«እህ» አሉና ስኒያቸውን ለልጅ ልጃቸው ዘረጉ። ከዚያ ወሬው ወደ ቡና ዋጋ ዞረ።

ክፉ አልተናገሩም። ወጥመድም አልነበረም፤ ሐጂ በነገር የሚወጉ ሰው አይደሉም። የሚያውቁትን ነው የጠየቁኝ። እሳቸው በሚያውቁት ዓለም ስለ ፈጣሪ ሲወራ ተመሽቶ ሲያልቅ አንድ ነገር ይደረጋል። ዱዓ ይደረጋል፣ እጅ ይዘረጋል፣ አሚን ይባላል፤ ተጣልቶ የመጣ ሰው ካለ ይታረቃል። በእኛም ቤት ቅዳሴ ሲያልቅ ሰው እንዲሁ አይበተንም፤ መስቀል ይሳለማል፣ ጸበል ይጠጣል፣ ደጁ ላይ ለተቀመጠው ነዳይ ሳንቲም ይፈልጋል። አጨብጭቦ የሚሄድ የለም። (አሁን አሁን አለ፤ ይሄ የሌላ ቀን ጉዳይ ነው።)

ያቺ «እህ» አብራኝ አደረች። ጭብጨባው ለማን ነበር? ለፈጣሪ አልነበረም። ፊልሙን ለሠሩትም አልነበረም። አንዱ እጅ ለእኔ፣ ሌላው እጅ ለራሳቸው ለአጨብጫቢዎቹ ነበር። ማርቆስን የማያውቅ ሰው ያቺን ሰሌዳ አይቷት ያልፋል፤ የሚያውቅ ግን «ያዝኩሽ!» ይላል። ደስታው የመያዝ ደስታ ነው። አማርኛችን ይህን ነገር ቀድሞ ያወቀው ይመስለኛል። «ጠቀሰ» ስንል መጽሐፍ ጠቀሰ ማለት ነው፤ በዓይኑ ጠቀሳት ማለትም ነው። ብዕሩን ቀለም ጠቀሰ ስንልም ያው ቃል ነው። ፊልሙ መጽሐፍ ቅዱስን ሲጠቅስ በእርግጥ እየጠቀሰ ያለው እኔን ነው፤ በዓይኑ፣ «አንተ ታውቃለህ አይደል?» እያለ። አዎ አውቃለሁ እላለሁ፤ ደረቴ ይነፋል። ጸሎት ቤት ገብቼ ደረቴ ተነፍቶ የወጣሁበትን ቀን ግን አላስታውስም። ካለም መጥፎ ቀን ነበር።

በማግስቱ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ከፊት መስታወቱ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከነፈረሱ ተለጥፎበታል። የተመለስኩበት ደግሞ ጣሪያው ሙሉ «ማሻአላህ» ነበር። ሁለቱም መልስ አልሰጡኝም፤ «ዝርዝር የለም ወንድሜ»። ተለጣፊውን አልነቅፍም። ሾፌሩ ከልቡ ሊሆን ይችላል የለጠፈው። ነገር ግን ባጃጁ አማኝ መሆኑን የማውቀው በተለጣፊው ሳይሆን በመልሱ ነው።

የእናቴ ግድግዳ

እናቴ ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል አለ። እናንተም ቤት ይኖራል፤ ሠለስቱ ደቂቅ እሳቱ መካከል ቆመው፣ መልአኩ ክንፉን ዘርግቶባቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ ታኅሣሥ 19 በመጣ ቁጥር የናቡከደነፆርን ስም እሰማለሁ። 60 ክንድ የወርቅ ምስል አቁሞ «ስገዱ» ያለው ንጉሥ፣ አንሰግድም ሲሉት እቶኑን ሰባት እጥፍ ያስነደደው ንጉሥ። እናቴ ፊልሙን አይታው አታውቅም። ናቡከደነፆር ስትል ግን የሚታያት ስም አይደለም፤ እሳት ነው። ሥዕሉ ከታች በኩል በጧፍ ጢስ ጠቁሯል። እህቴ በአዲስ እንቀይረው ስትላት «ይሄ ያውቀኛል» አለች።

አንድ ጊዜ የሰፈራችን ቄስ ሲያስረዱ የሰማሁት አለ። ሰዓሊው ክንፉን ስላሳመረው፣ ሰይፉን በቦታው ስላደረገው፣ ስሙን ከላይ በግእዝ ስለጻፈው ብቻ ሥዕሉ አይሰገድለትም። ይጸለይበታል፣ በሜሮን ይከብራል፣ ከዚያ በኋላ ነው ሥዕለ አድኅኖ የሚሆነው። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ምልክት ተሟልቶበት እንኳ የሰዓሊ ሥራ ነው። ማትሪክስ ምልክቱ ተሟልቶለታል። ሰዓሊዎቹም ጎበዞች ናቸው።

እዚህ ላይ ግን ከራሴ ጋር ልከራከር። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ስሞቹን ፍቃችሁ ብታዩት ፊልሙ ውስጥ ያ የወርቅ ምስል አለ። ሁሉም ሰው ተኝቶ የሚሰግድለት የውሸት ዓለም፣ «አንሰግድም» ያሉ ጥቂት ሰዎች፣ ለእምቢታቸው የሚከፍሉት ዋጋ። ይህ ስም አይደለም፤ አጥንት ነው። መርከቧን ናቡከደነፆር ባይሏት ኖሮም ይኖር ነበር። እንዲያውም ያን ሁሉ ስም ባይለጥፉበት ቶሎ ይታየኝ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ። ስሞቹን ስለቅም ነው አጥንቱ ያመለጠኝ።

ወዲያው ደግሞ ያ የመግቢያ አዳራሽ ትዝ ይለኛል። አዳኙ ጥቁር ካፖርት ለብሶ፣ ከካፖርቱ ሥር ጠመንጃ ደርድሮ የፍተሻ በሩን ያልፋል። እዚያ የሚወድቁት ዘበኞች እኮ ክፉዎች አይደሉም፤ ፊልሙ ራሱ እንደነገረን ያልነቁ ሰዎች ናቸው፤ እሱ ሊያድናቸው የመጣው። በቪዲዮ ቤት እያለን ከሁሉም በላይ ያፏጨንለት ትዕይንት ይኸው ነው። ሠለስቱ ደቂቅ እጃቸው ባዶ ነበር።

አክተር አይሞትም

ቪዲዮ ቤቱን ካነሳሁ አይቀር። አንድ ብር መግቢያ፣ መስኮቱ ላይ የተሰቀለ ብርድ ልብስ፣ ጀርባ የሚያደነዝዝ አግዳሚ፣ በር ላይ በጠመኔ የተጻፈ ጥቁር ሰሌዳ። በእኛ ጊዜ «ቪዲዮ ቤት አልገባሁም» የሚል የጅማ ልጅ ካለ ይዋሻል። እንግሊዝኛ የሚሰማ አልነበረም። ትሪኒቲ ማለት ለእኛ በጥቁር ቆዳ የምትዘል ልጅ ነበረች። ሥላሴ ሰፈራችን ያለው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሁለቱን ያገናኘ ልጅ አልነበረም። ያም ሆኖ አንዳችንም ዓይናችንን አልነቀልንም። ጥቅሶቹ በሙሉ በላያችን አልፈው ሄዱ፤ ፊልሙ ግን አልቀለለብንም።

የምናውቃት አንዲት ሃይማኖት ነበረች፤ «አክተር አይሞትም»። ቀኖናዋ ለሕንድም፣ ለካራቴም፣ ለካውቦይም እኩል ይሠራል። ስለዚህ ኒዮ በዚያ ኮሪደር ጥይት በላዩ ላይ ሲራገፍና ግድግዳውን ታክኮ ሲንሸራተት አግዳሚው ሙሉ ልጅ ቀጥ አለ። ቀኖናው ተፈታ። ልክ በዚያች ቅጽበት፣ ወላሂ እውነቴን ነው እንዲል ጓደኛዬ፣ መብራት ጠፋ።

ጨለማ ነው። ባለቤቱ «ማንም እንዳይወጣ፣ ይመጣል» ይላል። አንዱ «ብሬን!» ይላል። ከኋላ አንድ ቀጭን ድምፅ «አክተር አይሞትም!» ብሎ ጮኸ። ሳቅ አልነበረም፤ የሚያጽናና ነበር የሚመስለው። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ከዚያ የመግሪብ አዛን ተሰማ። በጨለማው ውስጥ አግዳሚዎቹ ሲንቋቁ ትዝ ይለኛል፤ ከልጆቹ ጥቂቶቹ ተነሱ። ከጎኔ የነበረው የሐጂ ልጅ ነው። በጆሮዬ «ቦታዬን ያዝልኝ» አለኝና ወጣ። ቦታውን በእግሬ ያዝኩለት። መብራቱ መጣ። ኒዮ ተነሳ። ቤቱ በፉጨት ሊፈርስ ምንም አልቀረው። የሐጂ ልጅ አልተመለሰም፤ ከስግደት በኋላ አባቱ ይዘውት ወደ ቤት ሄደዋል።

በማግስቱ ትምህርት ቤት በር ላይ ጠበቀኝ።

«ተነሳ?»

«ተነሳ።»

«አውቄ ነበር!»

ይህን ስጽፍ የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። አብዛኞቻችን በትንሣኤ ሌሊት ጧፍ ይዘን ያደግን ልጆች ነን። አንድ ሰው ሞቶ ሲነሳ እያየን ግን ከመካከላችን «ልክ እንደ ክርስቶስ» ያለ አልነበረም። አለማወቅ አይመስለኝም። የምናውቀው ትንሣኤ ከፊቱ 55 ቀን ጾም ነበረው፤ ከፊቱ ጉልበት እስኪላላ የሚሰገድበት ዓርብ ነበረው፤ ከፊቱ እንቅልፍ የሚጥልበት ሌሊት ነበረው። የቪዲዮ ቤቱ አንድ ብር ነበር። ልጅ ዋጋ ያውቃል።

ሥጋው

ከሐጂ ቤት በተመለስኩበት ሌሊት ላፕቶፔን ከፍቼ ፊልሙን እንደገና አየሁት፤ ጥቅስ ሳልለቅም። አንድ ነገር ብቻ ላጣራ ብዬ ነበር፤ በዚህ የመጀመሪያ ፊልም ውስጥ የሚጸልይ ሰው አለ ወይ? አላገኘሁም። ሲጨንቃቸው ስልክ ነው የሚደውሉት።

ፍለጋዬን ትቼ የቆምኩት ሳይፈር ምግብ ቤት በተቀመጠበት ትዕይንት ላይ ነው። ያ ከሃዲው። ሥጋውን በሹካ አንስቶ ያየዋል። ሥጋው እንደሌለ አውቃለሁ ይላል፤ ግን ጎርሶ ዓይኑን ይጨፍናል። ሁዳዴ ላይ ሆኖ ይህን ማየት በራሱ ፈተና ነው። ከዚያ ለማሽኖቹ ወኪል ዋጋውን ይነግረዋል። ወደ ውሸቱ ሲመልሱት ምንም ማስታወስ አይፈልግም፤ ሀብታም መሆን ይፈልጋል፣ ታዋቂ ሰው መሆን፣ እንደ አክተር።

አክተር! ላፕቶፑን አቆምኩት።

ያቺ የብረት ሰሌዳ የእኔ ግኝት አይደለችም። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1999 ከወጣ ጀምሮ ስንቱ ሰው ጽፎባታል። የአንደርሰንን ትርጉምም ያነበብኩት ነው። አዳራሹ ውስጥ ግን ራሴ በሌሊት አገላብጬ ያገኘሁት አስመስዬ ነበር ያቀረብኩት፤ «አንድ ቀን እያየሁ ሳለ» ብዬ ነበር የጀመርኩት። ጭብጨባው የእኔ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ግን ጎርሼ ዓይኔን ጨፈንኩ።

በዚህ ትዕይንት ውስጥ ጽዮን የምትል ቃል ብልጭ ትላለች እንጂ ሥጋው ላይ ጥቅስ አልተለጠፈም። መልአክ የለም፣ መስቀል የለም፣ የሚፈታ እንቆቅልሽ የለም። ሰው፣ ሥጋና ወይን ነው። ከጠቅላላው ፊልም የንስሐ አባት የሚያደርጉትን ያደረገብኝ ግን ይህ ነው። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል፤ ያን ሁሉ ዓመት ዓይኔ ሰሌዳዋ ላይ ነበር።

በነጋታው ለወጣቶቹ ቡድን በቴሌግራም ጻፍኩላቸው። ስለ ሰሌዳዋ የተናገርኩት ከሌሎች ያነበብኩት እንጂ የራሴ እንዳልሆነ። አራት ሰው የአውራ ጣት ምልክት አደረገ። አንዱ «ችግር የለውም ጋሼ፣ ያው አሪፍ ነው» አለኝ። በቃ። ከዚያ በላይ ምን ጠብቄ እንደነበር አላውቅም።

ያልታየው

ረመዳን ሊያልቅ ሲል ሐጂ «ና፣ የእኛንም እይ» አሉኝ። አር-ሪሳላን ነው፤ ብዙዎቻችን «ዘ ሜሴጅ» የምንለውን። እሳቸው በየዓመቱ ያዩታል፤ ዓረብኛውን። ሙስጠፋ አካድ በ1976 እ.ኤ.አ. ሲሠራው ሁለት ጊዜ ነው የቀረጸው፤ አንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ተዋንያን፣ አንድ ጊዜ በዓረብ ተዋንያን። የነቢዩን አጎት ሐምዛን በአንዱ አንቶኒ ኩዊን፣ በሌላው አብደላ ጌይስ ይጫወቱታል።

ረጅም ፊልም ነው፤ ዋናውን ሰው ግን አያሳይም። ነቢዩ ሙሐመድ አይታዩም፣ ድምፃቸውም አይሰማም። ሰዎች ወደ ካሜራው ዞረው ይናገራሉ፣ ካሜራው ዝም ይላል፣ መልሱን ሌላ ሰው ይደግመዋል። እንደ ፊልም ካያችሁት ችግር ነው፤ ባለታሪክ የሌለው ታሪክ እንዴት ይሄዳል? ሐጂ አጠገብ ተቀምጬ ሳየው ግን የሚያውቀኝ ነገር ነበር። የእኛም መቅደስ መጋረጃ አለው። በጥምቀት ታቦቱ ሲወጣ ከተማው ሙሉ ወጥቶ የሚሰግድለት ተሸፍኖ ነው፤ ያየው ምእመን የለም፣ ልየው የሚልም የለም። ማትሪክስ ሁሉንም ነገር አሳይቶኛል፤ ጥይቱን እንኳ በአየር ላይ አቁሞ ከዙሪያው አሳይቶኛል። ይሄኛው ከሁሉ የሚበልጠውን ከለከለኝ።

የነጃሺ ትዕይንት ሲደርስ ሐጂ ከበርጩማቸው ቀና አሉ። ከመካ የተሰደዱት ሙስሊሞች በሐበሻው ንጉሥ ፊት ቆመዋል፤ የቁረይሽ መልእክተኞች ስጦታ ይዘው መልሱልን ይላሉ። ጃዕፈር ስለ መርየም የሚናገረውን አንቀጽ ያነባል። ንጉሡ በበትሩ መሬት ላይ መስመር ያሰምራል፤ በእናንተና በእኛ መካከል ያለው ከዚህ መስመር አይወፍርም ይላል። ሐጂ ስንት ጊዜ እንዳዩት ማን ያውቃል፤ ጉንጫቸው ረጥቦ ነበር። እኔም ጉሮሮዬን ማጽዳት አስፈለገኝ። የምስር ሳምቡሳው ሳህን በመካከላችን ነበር።

ታዲያ ርዕሰ ጉዳዩ ሃይማኖት ስለሆነ ነው? አይመስለኝም። ይህንኑ ፊልም የሠራው አካድ ከሁለት ዓመት በኋላ ሃሎዊን የሚባለው አስፈሪ ፊልም እንዲሠራ ካደረጉት አንዱ ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዋሽንግተን ውስጥ ታጣቂዎች ሰው አግተው ካቀረቧቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህ ፊልም እንዳይታይ ነበር። ለሐጂ እንባ የሆነው ለሌላው ስድብ ነበር። በተቃራኒው የግብፅ ሳንሱር በ2003 እ.ኤ.አ. የማትሪክስን ሁለተኛ ክፍል ያገደው ስለ ፈጣሪና ስለ ፍጥረት የሚያነሳው ነገር አሳስቦት ነው፤ ከእኔ አዳራሽ ይልቅ ፊልሙን እንደ ሃይማኖት የቆጠረው ሳንሱሩ ነው ማለት ነው!

ከሁሉም የሚገርመኝ የሕንዱ ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. ጃይ ሳንቶሺ ማ የሚባል በትንሽ ገንዘብ የተሠራ ፊልም ወጣ፤ ዝነኛው የሕንድ ፊልም ሾሌይ በወጣበት ዓመት። ስለ አንዲት ሴት አምላክ ነው፤ ብልሃቱም ያን ያህል የሚወራለት አይደለም። ሕዝቡ ግን ሲኒማ ቤት በር ላይ ጫማውን እያወለቀ ይገባ ነበር። ወደ ስክሪኑ አበባና ሳንቲም ይወረውር ነበር። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም። ሲኒማ ቤቱ ያው ሲኒማ ቤት ነው፤ ነገ ሌላ ፊልም ይታይበታል። ለዚያች ሰዓት ግን ወለሉ ጫማ የማይረገጥበት ሆነ። ማንም በሜሮን አልቀባውም። ስለዚህ ቄሱ የነገሩኝም ሙሉ በሙሉ አይሠራልኝም፤ አንዳንዴ የሚያከብረው የተመልካቹ ባዶ እግር ነው። ወይስ ሰዉ ድሮውንም ጫማውን ሊያወልቅ ነው የመጣው? እዚህ ላይ እስካሁን አልወሰንኩም።

የሐጂ ቴሌቪዥን ጠፋ። ሐጂ ተነስተው ለኢሻ ውዱእ ሊያደርጉ ወጡ። እኔ ስኒዎቹን ሰብስቤ ረከቦቱ ላይ መለስኩ፤ የማደርገው ሌላ ነገር አልታየኝም።

ቅዳሜ ዕለት ልጃቸው ጋ ሄድኩ፤ እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ቡና ይገዛል ይሸጣል። ጆንያ ላይ ተቀምጬ የአባቱን ጥያቄ ነገርኩት፤ በጣም ሳቀ። «እኔንም ሁሌ እንዲህ ነው የሚጠይቀኝ፤ ስብሰባ ስሄድ እንኳ» አለ። ከዚያ ያቺ የመብራት ነገር ተነሳች። እስካሁን የፊልሙን መጨረሻ አላየውም። ወደ ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ነው።

«ዛሬ ማታ ና፣ ላፕቶፔ ላይ አለ» አልኩት። «ከሞተበት ጀምረን እንየው።»

«ለምን?» አለኝ፣ ሚዛኑ ላይ ጆንያ እያስቀመጠ። «ተነስቷል ብለኸኝ የለም እንዴ?»

«ብዬሃለሁ።»

«እና አምኜሃለሁ» አለና ኪሎውን አንብቦ ደብተሩ ላይ ጻፈ።